የአባትሽ ብርቱካንና የላክሽው ማሞቂያ

መጋቢት 4 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለችኩሏ ልጄ፣

በደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ጤና መጠየቅ ደንብ ነውና፣ እንዴት ሰነበትሽ? ደህና እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ስልኬ ላይ በየቀኑ የምትደረድሪው መልእክት የታመመ ሰው ጣት የሚጽፈው አይደለም። እኔም ደህና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ ደህና ነኝ። ፊደሌ ተወላግዶ ብታዪው ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ከንዴት ነው።

ስልክ የማላነሳው ለምን እንደሆነ ጎረቤቱን ሁሉ ስታስጠይቂ ሰነበትሽ። ትናንት ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ሱቁን ጥሎ፣ ዱቄቱን ከእጁ ሳያራግፍ መጥቶ በሬን አንኳኳ። «መምህርት፣ ልጅዎ በሕይወት መኖርዎን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ ብላ ለመነችኝ» አለኝ። «እንግዲህ አየኸኝ አይደል? ንገራት» ብዬ ሸኘሁት። ስልክ የማላነሳው ቁጣዬ በስልክ ስለማይወጣልኝ ነው። ገና ድምፄን ከፍ ሳደርግ «እማ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ትያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ከመጋዙ ልጀምር። ሰኞ ጠዋት በር ተንኳኩቶ ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰውዬ የሞተር መጋዝ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«የደረቀ ዛፍ ቆርጠህ አውጣ ተብዬ ነው፣ እናቴ።»

«ማን አለህ?»

«ልጅዎ ናት፤ በስልክ ነው ያዘዘችኝ። ሥሩንም ንቀለው ብላኛለች። አዲሱ ሲመጣ ቦታው ጸድቶ መጠበቅ አለበት አለች።»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ያዘዘችህ ጋ ሄደህ ቁረጥ!» አልኩትና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገኝ? ያንቺን ድርሻ ነው የተቀበለልሽ።

የአባትሽን ብርቱካን! እንዴት አፍሽ እሺ አለሽ? ሰው እንኳ ሲሞት ሐኪም እስትንፋሱን አዳምጦ፣ የልቡን ምት ፈልጎ ነው «ሞቷል» የሚለው። አንቺ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ፣ በዚያች ጣት በምታህል ካሜራ ጥቁር ቅጠል አየሽና «እማ፣ ሞቷል፤ አስቆርጪው። ከሱ የሚበልጥ ትልቅ ዛፍ ከነፍሬው አዝዤልሻለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ቤትሽ ድረስ ያመጡልሻል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከጎኑም ቢራቢሮ ለጥፈሽበታል። ምን የሚያስለጥፍ ቢራቢሮ አለ?

አባትሽ «ችኩሌ» ያለሽ በከንቱ አልነበረም። ባቄላ በቆርቆሮ ዘርተሽ፣ በቀለ አልበቀለ እያልሽ በየማለዳው አፈሩን ቆፍረሽ ታዪ ነበር። አንዱም ሳይበቅል ቀረ። ያኔ ስቀናል። አሁን መሐንዲስ ሆነሽም ያው ቆፋሪ ነሽ፤ ልዩነቱ ዛሬ ሌላ ሰው ልከሽ ታስቆፍሪያለሽ።

አባትሽ ብርቱካኑ የቆመበትን ያንን የጓሮ የመስታወት ቤት በብርድ ወራት እንዴት ያሳድረው እንደነበር ረስተሽው ይሆናል። አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ማታ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጓሮ ነበር። የድሮ መጋረጃዎቻችንን ዛፉ ላይ ያለብሰዋል። ግድግዳው ሥር ያሉትን በርሜሎች ውሃ መሙላታቸውን ያያል። ውሃ በረዶ ሲሆን በውስጡ የያዘውን ሙቀት እንደሚለቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን የኔን ትምህርት እንደ ራሱ ግኝት አድርጎ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራ ነበር። ደግሞም ብርዱ ሳይጠና መስኮቶቹን ማታ ማታ ገርበብ ያደርጋቸዋል። «ብርዱን ቀስ እያልኩ ላስተዋውቀው፤ በድንገት ሲያገኘው እንዳይደነግጥ» ይለኝ ነበር። እኔ እስቅበታለሁ፤ እሱ ግን ልክ ነበር።

አንቺ ምን አደረግሽ? ያንን አፉ የማያርፍ ቴክኒሻን ላክሽልኝ። «እማማ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ዘና ማለት ብቻ ነው!» እያለ ገባ። እማማ! ከሱ የሚበልጡ ስንቶቹን ያስተማርኩ ሰው እማማ ይለኛል። በርሜሎቹን አውጥቶ ደፋቸው፤ እርጥበቱ መሣሪያውን ያበላሻል አለ። መጋረጃዎቹን ጠቅልሎ ጣለ፤ ካሜራውን ይጋርዳሉ አለ። መስኮቶቹን በላስቲክ አሸጋቸው። ማሞቂያውን በቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ አስገባና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ልጅዎ ካላዘዘችው አይበራም። እርስዎ ረስተው አብርተውት እሳት እንዳይነሳብዎ ብላ ነው» አለኝ። ደወልኩልሽ። «እማ ተረጋጊ፣ ሁሉንም ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አልሽኝ።

እሺ አልኩ። አንቺ እያየሽው ነው ብዬ ተኛሁ። ያ ውርጭ የወረደበት ሌሊትም አንቺ እያየሽው ነው ብዬ፣ ብርድ ልብሴን ጆሮዬ ድረስ ስቤ ተኛሁ። መሣሪያው ለካ «በረደኝ፣ ላብራ ወይ?» እያለ ስልክሽ ላይ ሲጮህ አድሯል። ስልክሽ ድምፁ ጠፍቶ ነበር አልሽ። ስለተኛሽ አይደለም የተቆጣሁሽ፤ ሰው ይተኛል። መጋረጃውን ከእጄ ነጥቀሽ መተኛትሽ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ጠዋት በሩን ስከፍት ቅጠሎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁረው፣ ብርሃን ያሳልፋሉ። አንዱን ብነካው ጣቴ ላይ ቀዝቃዛ መስታወት የነካሁ መሰለኝ።

እስቲ አሁን ትምህርቱን ላስታውስሽ። አላውቅም ማለት አትችዪም፤ እዚያው ክፍሌ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠሽ ሰምተሽኛል፤ ፈተናሽንም ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ይህቺን ጥያቄ አግኝተሻት ነበር። ሴል ውሃ የሞላባት ትንሽ ከረጢት ናት። ውስጧ ያለው ውሃ ስኳርም ጨውም የሟሟበት ስለሆነ ቶሎ በረዶ አይሆንም። በሴልና በሴል መካከል ባለው ክፍተት ያለው ግን ቀጠን ያለ ነው፤ ውርጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠጥረው እሱ ነው። ያ በረዶ ደግሞ አይጠግብም። ከሴሏ ውስጥ ውሃ እየሳበ ይፋፋል። ሴሏ ትሟሽሻለች፣ ትጨማደዳለች፣ ግን ገና አልሞተችም። ቅዝቃዜው ቀስ እያለ ከመጣ ስኳሯን አጠራቅማ፣ ሽፋኗን አለስልሳ ትጠብቀዋለች። በአንዴ ከወረደባት ግን በረዶው እዚያው ሆዷ ውስጥ ይሠራና ሽፋኗን ይቦጫጭቀዋል። ለሷ መድኃኒት የለም። ያንቺ ማሞቂያ ያንን ዛፍ ሳምንታት ሙሉ እንደ አራስ ሲያሞቀው ከርሞ፣ ብርድ ምን እንደሆነ ሳይነግረው ነው ለውርጭ ያስረከበው።

እንዲያም ሆኖ ሁሉም አልተቦጫጨቁም ነበር። ተጨማደው ብቻ የቀሩት፣ በረዶው ቀስ ብሎ ከቀለጠላቸው፣ ውሃቸውን መልሰው ሊጠጡ ይችላሉ። ስለዚህ በዚያ ማለዳ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ፀሐዩ ሳይመታው ጥላ ማድረግ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ። መጋረጃዎቹ ተጥለዋል፤ አልጋዬ ላይ ያለውን አንሶላ ገፍፌ ወንበር ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ወንበር ላይ! ገና አንዱን ጫፍ ሳስር ያ ማሞቂያ እንደ አውሬ አጓራ።

ነቅተሽ ነበራ። አይተሽ ደንግጠሽ፣ እስከ መጨረሻው ከፈትሽው። ትኩስ ንፋሱ ቅጠሉን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ከወንበሩ ወርጄ ወደ ካሜራው ሮጥኩና «አጥፊው! አጥፊው!» እያልኩ እጄን አወናጨፍኩ። ያ ካሜራ ጆሮ የለውም። አንቺ ስልኬ ላይ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «አይዞሽ እማዬ፣ አየሁሽ! አሁን ይሞቀዋል» ብለሽ ልብ ደረደርሽልኝ። እናትሽ ነፍሷ ሊወጣ እየጮኸች፣ ላንቺ ያመሰገንኩሽ ነው የመሰለሽ።

ሳጥኑን ለመክፈት ታገልኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ቤት ሮጬ ቆጣሪው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ መታሁት። መብራቱም ማቀዝቀዣውም ካሜራውም አብረው ጠፉ። ጨለማው ኮሪደር ውስጥ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ስመለስ ዛፉ ቀልጦ ነበር። ውሃው ከቅጠሎቹ ወደ ውጪ እየተንጠባጠበ ነበር፤ ወደ ውስጥ መመለስ የነበረበት ውሃ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ስልክ ማንሳት የተውኩት። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ብነግርሽም አትቆጪ፣ የቁጣ ተራው የኔ ነው። አባትሽ የተቀበረ ዕለት አልመጣሽም። ፈቃድ ከለከሉኝ አልሽ፤ አምኜሻለሁ፣ አሁንም አምንሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማን ከለከለሽ? ያን ሁሉ ወር ዝም አልሽ። አንዳንዴ «ደህና ነሽ?» የምትል አንዲት መስመር ትመጣለች፤ «ደህና» እላለሁ፤ ያልቃል። አባትሽ በሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ብቻዬን ስበላ፣ የሱን ካፖርት ከመስቀያው ላወርደው እያልኩ ሳልችል ስቀር፣ አንቺ አልነበርሽም። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት። ተጨማደድኩ እንጂ አልሞትኩም።

ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካሜራ መጣ፣ ማሞቂያ መጣ፣ ወገብ የሚያሻሽ ወንበር መጣ፣ ቴክኒሻን መጣ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ስልክ መጣ። «እማ በላሽ? እማ ጠጣሽ? እማ ቤቱን ሽጪና እኔ ጋ ነዪ!» ምነው ልጄ? ምነው እስከ መጨረሻው ከፈትሽው? የምነግርሽ ስለ ብርቱካኑ ነው። ግን ከፈለግሽ ለሌላም ነገር ውሰጂው።

አሁን ዛፉ የት እንደደረሰ ልንገርሽ፤ አንቺ በካሜራ የማታዪውን። ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል። በጥፍሬ ቅርፊቱን ከላይ ጀምሬ ጫር ጫር እያደረግኩ ወረድኩ። ቡናማ። ዝቅ አልኩ፤ ቡናማ። ትልቁ ቅርንጫፍ፣ አንቺ ዥዋዥዌ ልሥራበት ብለሽ አባትሽን የለመንሽበት፣ እሱም ቡናማ። እየወረድኩ እየወረድኩ መጋጠሚያው ጋ ደረስኩ። አስታወስሽው? ያ ግንዱ ላይ እንደ ጉልበት ያበጠው ቦታ። አባትሽ የጣፋጩን ብርቱካን ቅርንጫፍ በእሾሃሙ የዱር ብርቱካን ግንድ ስንጥቅ ውስጥ የሰካበት። ጣቶቹ ወፋፍራም ስለነበሩ ክሩን መጠምጠም አቅቶት ሲያልበው፣ አንቺ የፊት ጥርሶችሽ የወለቁ ሆነሽ «አምጣ እኔ ልሰር» ብለሽ ቀማሽው። ጠመጠምሽው፣ አሰርሽው። ይኼን ዛፍ አንድ ያደረገው ያንቺ ጣት ነው። አሁን ደግሞ መጋዝ ላክሽበት።

ከመጋጠሚያው በላይ ያለው ሁሉ ሞቷል። ይኼን ስጽፍልሽ ቀላል እንዳይመስልሽ። የአባትሽ ብርቱካን፣ ያ እያንዳንዱን ፍሬ ልጡን ሳይበጥስ እየላጠ የሚያበላን፣ የለም። እኔም አለቀስኩ፤ በንዴት አለቀስኩ። ከመጋጠሚያው በታች ግን ስጭረው አረንጓዴ ነው። እርጥብ፣ ሕያው አረንጓዴ። ያ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው፣ እሾሃሙ፣ ጎምዛዛው የዱር ግንድ ብርዱንም ያንቺንም ሙቀት ችሎ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ጥፍር የምታህል ቡቃያ ከጎኑ አወጣ። የዱር ነው፤ ዝም ብለን ብንተወው እሾህና ሆምጣጣ ፍሬ ነው የሚያወጣው። ግን ሌላ ቅርንጫፍ ሊሸከም ይችላል።

ቅርንጫፉ ደግሞ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ጓሮ፣ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የቆመውን ብርቱካን ታስታውሺው እንደሆን፣ እሱ የአባትሽ ዛፍ ልጅ ነው። አባትሽ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ሰክቶለት ነው። የምድጃው ግድግዳ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውርጩ አንድም ቅጠል አልነካበትም። «የፈለጉትን ያህል ይቁረጡ፣ መምህርት» ብሎኛል።

እንግዲያው ቅርንጫፉን ግንዱ ላይ የምትሰኪው አንቺ እንጂ እኔ ያልሆንኩት ለምንድን ነው? ሞከርኩ። ዳቦ ጋጋሪው አንዲት ጭራሮና ክር ይዞልኝ ልምምድ ልጀምር ብዬ ነበር። ክሩ አልያዝልሽ አለኝ፤ ሦስቴ ከእጄ ወደቀ። «መምህርት፣ እጅዎ...» አለኝ። «ንዴት ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ክሩን ከመሬት አንስቶ ኪሱ ከተተው። የሱ እጅ ደግሞ ሊጥ ለምዶ ቀጭን ክር አያምነውም። ቴክኒሻኑን እንዳትልኪ። መሣሪያም እንዳትልኪ። ክር የሚያስር መሣሪያ ተሠርቶም ከሆነ አልፈልገውም።

ያዘዝሽውን ትልቅ ዛፍ ዛሬውኑ መልሺው። ያ የመጋዝ ሰውዬም ዳግም በሬን ቢያንኳኳ ለሚሆነው ነገር ኃላፊ አይደለሁም። የሞተውን የላይኛውን ክፍል ማንሳት አለብን፣ እሱን አውቃለሁ፤ ግን አንቺ ቆመሽ እያየሽ፣ በእጅ መጋዝ፣ ከመጋጠሚያው ሥር። የመሰካቱ ጊዜ ግንዱ ውሃ ሞልቶት ቅርፊቱ በቀላሉ መላቀቅ ሲጀምር ነው፤ ቡቃያው ቅጠል መክፈት ሲጀምር። ቀኑን አልነግርሽም፤ ቀን ከነገርኩሽ አውሮፕላን ውስጥ ሆነሽም በስልክ ልትቆፍሪው ነው። ብቻ ሳይዘገይ ነዪ። እንደመጣሽ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ ባንዴ አትገልብጪብኝ። በሩ ላይ አታልቅሺብኝ። መጀመሪያ ገብተሽ ቁጭ በዪ። ሻይ እናፍላ። ከአባትሽ ካፖርት ሥር ጃኬትሽን ስቀዪ። ከዚያ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን እንነጋገር።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። የምትውዪበት ይቅናሽ፣ የምታድሪበት ይሙቅሽ፤ ቀስ ብሎ ይሙቅሽ። ጣቶችሽን ደህና አድርገሽ ያዢልኝ።

ቁጣዋ ገና ያልበረደላት
እናትሽ

ሳልረሳው፦ ቴክኒሻኑን አስጠርቼ ማሞቂያውን አስነቀልኩት። «ካሜራውንስ፣ እማማ?» ሲለኝ «እሱን ተወው» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ፊቱን ከዛፉ ወደ ወንበሬ አዞርኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባ እዚያ እቀመጣለሁ። ድምፅ ስለሌለው ስቆጣሽ አትሰሚኝም፤ ግን ልታዪኝ ትችያለሽ። ሻዬን በሁለት እጄ ይዤ ብታዪኝ አትደንግጪ፤ ስኒውም ቢንቀጠቀጥ አትደንግጪ። ንዴት ነው።